ጥጃዬን የገደለው ሳል አይደለም

ጠዋት ስልኬን አንስቼ ሳየው ሦስት ያመለጡኝ ጥሪዎች ነበሩ። ሦስቱም ከጋሼ፣ ከበረታችን ዘበኛ። የመጀመሪያው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20፣ የመጨረሻው 10 ሰዓት ላይ። እኔ ድምፁን አጥፍቼ ተኝቻለሁ። ስደውልላቸው «ወልዳለች እኮ ልጄ፤ ወንድ ነው፤ ደህና ነው» አሉኝ። ደስ አለኝ። ተጣጠብኩ፣ ቁርሴን በላሁ፣ ታክሲ ያዝኩ። ሰንዳፋ ስደርስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር።

ጥጃው ቆሟል፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ላሟን አለብናት። እንገሩ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ደስ የሚል። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሊትር የሚሆነውን በጀሪካን ለእናቴ አስቀመጥኩ። እንገር ለቤት መውሰድ፣ ለጎረቤት ማቅመስ ያደግኩበት ወግ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ለጥጃው የቀረውን አንድ ሊትር ያህል በጣሳ ሰጠነው። ሰዓቱ 4 ገደማ ነው። ከተወለደ 7 ሰዓት ሊሆነው ነው ማለት ነው። ያኔ ግን ማን ይቆጥራል?

ያንን ጥጃ በስድስተኛ ሳምንቱ ቀበርነው።

ይህን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም። «በ3 ላም ሚሊየነር» የሚሉ ቪዲዮዎችን አይተው በረት ለመከራየት የሚያስቡ ብዙ እኩዮቼ እንዳሉ ስለማውቅ ነው። እኔም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የገባሁበት እንደዚያው አይቼ ነው። ቪዲዮዎቹ ስለ መኖ ያወራሉ፣ ስለ ወተት ዋጋ ያወራሉ፣ ላሟ በቀን ስንት ሊትር እንደምትሰጥ ያሳያሉ። ጥጃው ግን ከጀርባ ነው የሚታየው፤ እንደ ዕቃ። ላም ያለ ጥጃ እንደማትታለብ፣ የዛሬዋ ጥጃ የነገዋ ላም እንደሆነች የሚናገር የለም። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ለካ ጥጃ ሳያሳድጉ ላም ለሚመኙ ነው።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ወሩ ሐምሌ ነው። ጥጃው በአምስተኛ ሳምንቱ ማሳል ጀመረ። አፍንጫው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ጡጦውን ግማሽ ጠጥቶ ይተወዋል። ቪዲዮ ቀርጬ የወተት ላም አርቢዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። በ10 ደቂቃ ውስጥ 14 መልስ መጣ። አሥራ አንዱ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኦክሲ ውጋው»። ኦክሲቴትራሳይክሊን ማለት ነው። ሄድኩ፣ ከአንድ መሸጫ ገዛሁ፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ሦስት ቀን ተወጋ። በአራተኛው ቀን አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ መተንፈስ ጀመረ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ደወሉ። ያን ቀን ስልኬ ድምፅ ነበረው።

የእንስሳት ሐኪሟን የጠራነው ሁለተኛው ጥጃ ሲያስለን ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። መጣች፣ ሙቀቱን ለካች፣ ደረቱን በማዳመጫ ሰማች። ከዚያ ስለ ሟቹ ጥጃ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«የተወለደ ዕለት እንገር በስንት ሰዓቱ ጠጣ? ስንት ሊትር?»

እኔ ስለ ሳሉ ነው የማወራት። እሷ ስለ መጀመሪያው ቀን ነው የምትጠይቀኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷ እየሠራች ያስረዳችኝን፣ በኋላም ራሴ እያነበብኩ ያረጋገጥኩትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

የጥጃ ሳል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቫይረስ ነው። ስማቸው ረጅም የሆነ በርካታ ቫይረሶች አሉ። ዋነኛው በእንግሊዝኛ ምህፃሩ ቢ.አር.ኤስ.ቪ. የሚባለው ነው። ይህ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው በ1970 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲሆን፣ የሰው ሕፃናትን ሳምባ የሚያጠቃው አር.ኤስ.ቪ. የሚባለው ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። የጥጃው የሰው በሽታ ተደርጎ አይታወቅም፤ ግን የሁለቱ ታሪክ እጅግ ይመሳሰላል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ፓራኢንፍሉዌንዛ 3፣ የከብት ኮሮና ቫይረስ፣ የከብት ሄርፐስ ቫይረስም አሉ።

እነዚህ የሚሠሩት ሥራ በር መክፈት ነው። የአየር ቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አቧራና ጀርም ወደ ላይ እየጠረጉ የሚያስወጡ እጅግ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ቫይረሱ እነዚህን የተሸከሙትን ሴሎች ያበላሻል። ጠራጊው ከሥራ ሲወጣ፣ ድሮም አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሳምባ ይወርዳሉ። ሳምባ ምች የምንለው ከባዱ ነገር ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ኦክሲ ቫይረስ አይገድልም። የትኛውም አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ባክቴሪያው ከገባ ሐኪም ሊያዘው ይችላል፣ ያድናልም። ግን የትኛው መድኃኒት፣ በስንት መጠን፣ ለስንት ቀን የሚለውን የሚወስነው ጥጃውን የነካና ያዳመጠ ሰው እንጂ 11 ሰው ግሩፕ ላይ ስለተስማማ አይደለም። በጭፍን በወጋን ቁጥር መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን እናራባለን። እነዚያ ደግሞ በረት ውስጥ ብቻ አይቀሩም፤ ለእኛም ይተርፋሉ።

ታዲያ ቫይረሱን ማን ይገድለዋል? የጥጃው የራሱ አካል። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ቀን የሚመጣው።

የሰው ልጅ ሲወለድ ከእናቱ የወረሰው አንቲቦዲ በደሙ ውስጥ አለ፤ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ገብቶለታል። የላም እንግዴ ልጅ ግን አንቲቦዲ አያሳልፍም። ጥጃ ሲወለድ የመከላከያ ሴሎቹ አሉት፣ ግን አንድም በሽታ አይተው አያውቁም። ደሙ ውስጥ የእናቱ መከላከያ የለም ማለት ይቻላል። ተፈጥሮ ይህን ያካካሰችው በእንገር ነው። ላሟ ከመውለዷ በፊት ባሉት ሳምንታት አንቲቦዲዋን ከደሟ ወደ ጡቷ ታከማቻለች። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ልጅ ስንቅ እንደምታዘጋጅ እናት ማለት ነው። የራሱ አዝመራ እስኪደርስ የሚበላው ስንቅ።

ችግሩ ስንቁ የሚረከብበት ሰዓት አጭር ነው። አዲስ የተወለደ ጥጃ አንጀት እነዚህን ትላልቅ አንቲቦዲዎች ሳይፈጭ ሙሉውን ወደ ደም ያሳልፋል። ይህ በር በየሰዓቱ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አንድ በርሜል እንገር ብትሰጡት ምግብ ይሆነዋል እንጂ ደሙ ውስጥ አይገባም። የእንገሩም ጥራት ይወርዳል፤ የመጀመሪያው አለባ በጣም ወፍራሙ ነው፣ ሁለተኛው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ተራ ወተት ይሆናል።

ስለዚህ ሐኪሞች የሚሉት ልኬት ይህ ነው፤ የጥጃው ክብደት አንድ አሥረኛ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 4 ሰዓታት ውስጥ። 35 ኪሎ የሚመዝን የተዳቀለ ጥጃ 3 ሊትር ተኩል ይፈልጋል። 22 ኪሎ የሚሆን የሀገራችን ዝርያ ጥጃ 2 ሊትር ከትንሽ ይበቃዋል። የኔው በ7 ሰዓቱ አንድ ሊትር ነው ያገኘው። ሁለቱ ሊትር በጀሪካን አዲስ አበባ ገባ። እኔም በልቼዋለሁ። ጣፋጭ ነበር።

አሁን «እንገር የጠጣ ጥጃ አይታመምም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይታመማል። የእናት አንቲቦዲ ቫይረሱን ጨርሶ አያስቀረውም፤ ሕመሙን ግን ያቀልለታል፣ ጊዜ ይሰጠዋል። የጥጃው አካል ቫይረሱ እንደገባ ሴሎቹን «ተጠንቀቁ» የሚሉ ኬሚካሎች ይረጫል፤ ቫይረሱን በስሙ የሚያውቁ የራሱን ሴሎችና አንቲቦዲዎች አሰልጥኖ ለማሰማራት ግን አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስንቅ የሌለው ጥጃ ይህን ሳምንት የሚያልፈው ባዶ እጁን ነው። ደግሞ ስንቁ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የራሱ መከላከያ ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚደርሰው። በሁለቱ መካከል ክፍተት አለ። ብዙ የጥጃ ሳል በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር የሚበረታው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በትንሽ ስንቅ የጀመረ ደግሞ ክፍተቱ ቀድሞ ይመጣበታል፤ እንደኔው።

የሰውና የጥጃው ታሪክ ይመሳሰላል ብዬ ነበር። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት የአር.ኤስ.ቪ. ክትባት ተሞከረ። ቫይረሱን በፎርማሊን ገድሎ መስጠት ነበር ዘዴው። በቀጣዩ ክረምት እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ የተከተቡት ሕፃናት ካልተከተቡት በባሰ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። ክትባቱ አካሉን አስነስቶታል፣ ግን በተሳሳተ አቅጣጫ፤ ቫይረሱን ከማቆም ይልቅ የራሱን ሳምባ በእብጠት የሚዘጋ ምላሽ ነበር የመጣው። ሳይንቲስቶች ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከተጠቀሙባቸው እንስሳት አንዱ ጥጃ ነው። የቫይረሱ ቁልፍ ፕሮቲን ሴል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለው ትክክለኛ ቅርጽ በ2013 እ.ኤ.አ. ታወቀ። በዚያ ላይ የተሠራው ክትባት ጥጆች ላይም ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳየ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጥ የአር.ኤስ.ቪ. ክትባት ፈቀደች። እናትየው ትከተባለች፣ አንቲቦዲው ለሕፃኑ ያልፋል።

አስቡት፤ ከ50 ዓመት በላይ የፈጀ ሳይንስ ዞሮ ዞሮ የደረሰው እናት ለልጇ ስንቅ ትቋጥርለት ወደሚል ሐሳብ ነው። ላሟ ይህን ድሮም ታደርገው ነበር። እኛ ነን መንገድ ላይ ስንቁን የምንበላበት።

በሰውም ቢሆን ንጹሕ አይደለንም። በብዙ የሀገራችን ቤት የእናት የመጀመሪያ ወተት «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ይደፋ፣ ለሕፃኑ ቅቤ ይቀመስለት ነበር፤ ዛሬም የሚያደርጉ አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ለማስቀረት ዓመታት ደክመዋል። ያን የሚያህል ድካም ለጥጃው የሚደክምለት ግን እምብዛም ነው።

እርግጥ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ እኔም ራሴ ያነሳኋቸው ናቸው።

አንደኛው «እንገር ባህላችን ነው» የሚለው ነው። ነው። እንዲቀርም አልፈልግም። ጥሩ ወተት የምትሰጥ የተዳቀለች ላም ግን ከጥጃዋ የሚተርፍ እንገር አላት። ቅደም ተከተሉን ብቻ እንቀይር። የመጀመሪያው አለባ የጥጃው ነው፣ እስኪጠግብ። ሁለተኛውም የእሱ ይሁን። ከዚያ የተረፈውና ሦስተኛው የቤት ይሁን። ባህሉ ይኖራል፣ ጥጃውም ይኖራል።

ሁለተኛው «ብዙ እንገር ጥጃን ያስቀምጣል» የሚለው ነው፤ ተቅማጥ ያመጣል እንደማለት። ከየትልልቁ ሰው ሰምቼዋለሁ። ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቆሸሸ ጣሳ፣ ከቆሸሸ ጡት፣ ከረጠበ መኝታ ነው። በንጹሕ ዕቃ በሰዓቱ የተሰጠ እንገር ከተቅማጥም የሚከላከል ነው።

ሦስተኛው ትክክለኛው ነው፤ «ሐኪም የት አለ?»። እውነት ነው፤ መድኃኒት መሸጫው ቅርብ ነው፣ ሐኪሙ ሩቅ ነው። ገንዘብም ነው። ግን ልብ በሉ፤ እንገር ሐኪም አይፈልግም። ዋጋው ዜሮ ነው። የሚፈልገው ሌሊት መነሳትን ብቻ ነው። ያ ነው እኔን ያቃተኝ።

የቀረው የበረቱ ነገር ነው። ክረምት ሲመጣ ጥጆቹ እንዳይበርዳቸው ብለን በላስቲክና በማዳበሪያ ከረጢት ዙሪያውን ጥርቅም አድርገን ዘጋን። ሐኪሟ ገብታ «እስቲ ጎንበስ በል፤ በጥጃው ቁመት ተንፍስ» አለችኝ። ጎንበስ አልኩ። ዓይኔ አቃጠለኝ። ከሽንትና ከአዛባ የሚወጣው አሞኒያ ነው። እኔ አንድ ደቂቃ ያልቻልኩትን እሱ ቀንና ሌሊት ይተነፍሰዋል፤ እነዚያን ጠራጊ ፀጉሮች ቫይረሱ ሳይመጣ እኛው አደከምናቸው ማለት ነው። ጥጃ የሚፈልገው ከላይ አየር የሚወጣበት፣ ከታች ንፋስ የማይመታው፣ እግሩ እስኪሸፈን የሚጎዘጎዝ ደረቅ ጭድ ያለው ቦታ ነው። ከገበያ የገዛችሁትን ጥጃ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው አቆዩት፤ ቀጥታ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉት።

ስልኩንም ለዚህ እንጠቀምበት እንጂ። የተወለደበትን ሰዓት፣ የጠጣበትን ሰዓትና መጠኑን ማስታወሻ ላይ ጻፉ። የስልኩን ሰዓት ቆጣሪ ከፍታችሁ የደረቱን መነሳትና መውደቅ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ የዕለት ዕለቱን ካወቃችሁ ሲጨምር ታያላችሁ። ቴርሞሜትር ግዙ፤ የጥጃ ሙቀት ከ39 ነጥብ 5 ዲግሪ ሲያልፍ ሐኪም የሚጠራበት ሰዓት ነው። ቪዲዮውን ከ14 ሰው በፊት ለአንድ ሐኪም ላኩ። ክትባትን በተመለከተም እሷን ወይም እሱን ጠይቁ፤ የእናት አንቲቦዲ ደም ውስጥ እያለ የሚሰጥ የመርፌ ክትባት ሊደክም ስለሚችል ጊዜው የባለሙያ ውሳኔ ነው።

ይህች ሀገር ከከብት ቫይረስ ጋር የቆየ ሒሳብ አላት። ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የነበረው ክፉ ቀን ሲጀምር የደስታ በሽታ የሚባለው ቫይረስ ከብቱን ጨረሰው፤ ከ10 ከብት 9ኙን ያህል እንደገደለ ይገመታል። በሬ ጠፋ፣ እርሻ ቆመ፣ ሰው አለቀ። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ ተቋም ዛሬም ለሌሎች የከብት በሽታዎች ክትባት ያመርታል። እንግዲህ ትልቁን ያሸነፍን ሰዎች በጣሳ ቸልተኝነት ጥጃ መቅበር አይገባንም።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ስለ ወተት ብዙ ይወራል፤ ጥሩ ነው። የኔ ጥያቄ አንድ ነው። ስንት ላም ተዳቀለች፣ ስንት ጥጃ ተወለደ ብለን እንደምንቆጥረው ሁሉ፣ ከተወለዱት ስንቶቹ ስድስት ወር ደረሱ ብለንም እንቁጠር። እኛም ገዢዎቹ ጥያቄያችንን እናስተካክል። ያገለገለ ስልክ ስንገዛ ባትሪው ስንት ፐርሰንት ነው እንላለን። ጥጃ ስንገዛ «እናቷ ስንት ሊትር ትሰጣለች?» ብቻ ነው የምንለው። «በስንት ሰዓቷ እንገር ጠጣች?» የሚል ገዢ ሲበዛ፣ ሌሊት የሚነሳ ሻጭም ይበዛል።

ሦስተኛዋ ላማችን የወለደችው ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ቀኗ ሲደርስ በረት አደርኩ፤ ጋሼ ቡና አፈሉልኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ጊደር ወለደች። ጡቷን በሞቀ ውሃ አጥቤ አለብኳት። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጥጃዋ 3 ሊትር ከግማሽ በጡጦ ጨርሳ ጭዱ ላይ ተኛች። በየካቲት አሳላት። አንድ ሳምንት ሙሉ ሆዴ ተሸበረ፤ ሐኪሟ መጥታ አየቻት፣ «ጠብቃት፣ ትጠጣ፣ አየር ታግኝ» ብላ ሄደች። ዳነች። አንዲት ጥጃ ማስረጃ አትሆንም፣ አውቃለሁ። ያን ሌሊት ግን ሥራዬን ሠርቻለሁ።

በተወለደች ማግስት እናቴ ደወለች።

«ወለደች አሉ፤ እንኳን ደስ አለህ። እንገሩስ የታለ?»

«ከነገ ወዲያ አመጣልሻለሁ እማዬ። መጀመሪያ ባለቤቷ ትጠጣ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። «ይሁን፤ እኔ ጥርስ አላወጣም ከእንግዲህ» አለች።